ሁለት ዓመት የጣፍኩት ኮት

ሀይፋ ውስጥ እንደኔ መርፌ የሚይዝ ሰው አልነበረም። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ለጉራ ነው፤ ግን እውነትም ነው። ከክርያት ሐይም እስከ ነሸር ያለ አበሻ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ሲቀደድ፣ ዚፑ ሲነቀል፣ የልጁ ቦርሳ ማንገቻ ሲበጠስ ወደኔ ነበር የሚልከው። ማንም አላስተማረኝም። አገሬ ሳለሁ ሸማኔ ነበርኩ፣ ድርና ማግ አውቃለሁ፤ የስፌት መኪና ግን ጎንደር ገበያ በሩቅ ከማየት በቀር ነክቼው አላውቅም። ሀዳር የሚባለው ሰፈር ውስጥ የሥራ ልብስ የሚሰፋበት አንድ ቤት ነበር፤ እዚያ ወለል ጠራጊ ሆኜ ገባሁ። መጥረጊያዬን ተደግፌ ሴቶቹ ሲሰፉ ሳይ፣ ሳይ፣ ሳይ ከረምኩና አንድ ቀን አንዷ ስትቀር መኪናዋ ላይ ቁጭ አልኩ። አለቃችን ሩማንያዊት አሮጊት ነበረች። መጥታ ስፌቴን አየች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና መልሳ አድርጋ ደግማ አየች። ከዚያ መጥረጊያውን ለሌላ ሰው ሰጠችው።

እንግዲህ እንደዚህ ያለ ሰው ነኝ፤ የማልጠግነው ነገር የለም ብዬ የማምን። ቀድሜ የነገርኳችሁ ወድጄ አይደለም። ስለ ወንድሜ ኮት ላወራችሁ ነው፤ ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ ከእጄ ነው።

ኮቱ ካኪ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሁለት ጋቢ ሸምኖ፣ ሸጦ የገዛው። እሱ ሲለብሰው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ይመስል ነበር። እኔ ስለብሰው ደግሞ የዳይሬክተሩን ኮት የሰረቀ ሌባ እመስላለሁ፤ ይሄን ያለው ራሱ ነው። እናታችን የሞተችው ልጆች ሳለን ነው፣ ያሳደገችን አክስታችን ናት፤ እምዬ ነው የምንላት። በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር ልንነሳ ስንል እኔ፣ ሚስቴና እምዬ ቀድመን እንድንወጣ፣ እሱ በሬዎቹን ሸጦ እንዲከተለን ተመከረ። ሊሸኘን ከመንደር ወጣ ብሎ መጣና ኮቱን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለው።

"በጋቢ ቢያዩህ መንገደኛ መሆንህን ይነቁብሃል። ይሄን ልበስና ገበያተኛ ምሰል" አለኝ።

"አንተስ አያ? ብርዱን በምን ልትችለው ነው?"

"እኔ እዚያ ስደርስ እቀበልሃለሁ። ግን ስማኝ፣ ቀዳዳ እንዳላገኝበት።"

"ምን ቀዳዳ? ከሰጠኸኝ የበለጠ አዲስ አድርጌ ነው የማስረክብህ!"

"ጉራህን ተወውና ጠብቀው" አለና ሳቀ። በዚያው ተለያየን።

በረሃውን ያቋረጥኩት በዚያ ኮት ነው። ፀሐይ ሲከር ለእምዬ ጥላ ይሆናል፣ ስታርፍ ትራስ ይሆናል፣ ሲቀዘቅዝ ሚስቴ ትለብሰዋለች። እኔማ ለጉራ ብቻ ነበር የምይዘው። እዚህ አገር ስንደርስ ክርኖቹ አልቀው፣ ብብቱ ተተርትሮ፣ ኮሌታው ነትቦ ነበር። መርካዝ ክሊታ፣ አዲስ መጪ የሚያርፍበት ግቢ ማለት ነው፣ እዚያ አዲስ ልብስ ሰጡንና ሰዉ ሁሉ ከሱዳን የለበሰውን አውልቆ ጣለ። እኔ ኮቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ደበቅኩት። የሰው ዕቃ ነው፣ ባለቤቱ ይመጣል።

ስፌት ቤት መኪናው ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ መጠገን ጀመርኩ። ከሥራ በተረፈ እራፊ መጀመሪያ ክርኖቹን ጣፍኩ። ቀጥሎ ብብቱን። ገበሩን አውጥቼ አዲስ ገበር አገባሁለት፣ ኪሶቹን ከውስጥ ቀየርኩ፣ ቁልፎቹን አዛመድኩ። ኮሌታውን ሌላ ጨርቅ አለበስኩት። አንዱን ጠግኜ ስጨርስ በጎኑ ያለው አሮጌ ሆኖ ይታየኛል፤ እሱንም እነካዋለሁ። ሩማንያዊቷ ስታልፍ ታየውና "ስማርቱት!" ትላለች፤ ጨርቅ ነው፣ ጣለው ማለቷ ነው። "ቤሰደር፣ ቤሰደር" እላታለሁ፣ እሺ እሺ እንደማለት፣ መርፌዬን ሳላቆም።

አሁን እኔ ያን ጊዜ የማላውቀውን ልንገራችሁ፣ እናንተ እንኳ እንደኔ እንዳትሞኙ። ወንድሜ ሞቷል። በሬዎቹን ሸጦ፣ ተከትሎን ወጥቶ፣ ሱዳን ካምፕ ደርሶ፣ እዚያ ታሞ ሞተ። የቀበሩት ሰዎች ያ ብዙ ሕዝብ በገባበት ክረምት መጡ፤ ለሽማግሌዎቹ ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ ለእምዬና ለሚስቴ በድብቅ ነገሯቸው። ለኔ ግን ማንም አልነገረኝም።

በኛ ልማድ መርዶ እንደ ደብዳቤ በበር ሥር አይሾልክም። ቀን ይመረጥለታል፣ ዘመድ ይሰበሰብለታል፣ ሽማግሌ ይላክለታል። ሰውየው ታሞ እንደሆነ እስኪድን፣ መንገድ ላይ እንደሆነ እስኪገባ ይጠበቃል። ሚስቴ ያን ጊዜ እርጉዝ ነበረች፣ "በሰላም ትገላገል" ተባለ። ወለደች፣ "አራስ ቤት መርዶ አይገባም፣ ልጁ ይጠንክር" ተባለ። ልጁ ጠነከረ፣ ፋሲካ መጣ፤ በበዓል መርዶ አይነገርም። ፋሲካ ሲያልፍ ሌላ በዓል፣ እሱ ሲያልፍ አዲስ ዓመት፣ ከዚያ የዳስ በዓል። እዚህ አገር በዓል የሌለበት ወር ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ለኔ መርዶ ባዶ ቀን ታጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሄደ።

እኔስ? እኔ አዲስ ሰው ገባ በተባለ ቁጥር ኮቱን ተኩሼ፣ በከረጢት ይዤ መርካዝ ክሊታ እሄዳለሁ። ግቢው በር ላይ ቆሜ "የዚህ ኮት ባለቤት አልመጣም? ልኩን እንዳይረሳው ብዬ ነው!" እያልኩ እቀልዳለሁ። "መንገዱ ተዘግቶ ነው፣ ይመጣል" ይሉኛል። ይስቃሉ፤ እየሳቁም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እንባ እስኪወጣቸው አሳቅኳቸው ብዬ አውቶቡስ ላይ ደረቴን ነፍቼ እመለሳለሁ።

አንድ ዓርብ ደግሞ ሳልናገር ነሸር እምዬ ዘንድ ሄድኩ። ከሴት ልጇ ጋር ነው የምትኖረው። በሩን ስትከፍትልኝ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ጥለቱ አንገቷ ጋ ወጥቷል። ይሄ የኀዘንተኛ አለባበስ ነው፣ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ቀልደኛው ግን መች አስተዋለ!

"እምዬ፣ የቀርሜሎስ ንፋስ እኮ ነጠላሽን ገለበጠብሽ!"

ክው አለች። ፈጠን ብላ አስተካከለችው። "አርጅቼ ነው ልጄ፣ ላይና ታቹ ጠፋብኝ።"

ሳቅኩ፣ እሷም ሳቀች። ኮቱን ተቀበለችኝና ጭኗ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ትደባብሰው ጀመር።

"እይው እስቲ፣ ኪሱን አየሽልኝ? ስፌቱ የት እንደጀመረ አታገኚውም።"

"ጎሽ የኔ ልጅ። እጅህ ይባረክ።"

"አያ ሲመጣ አያውቀውም!"

"አዎ" አለች። "አያውቀውም።"

ምስጢሩን መሸከም ቀድሞ ያቃታት ሚስቴን ነው። ሀዳር ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው፤ ኮቱ በሩ ጎን ምስማር ላይ ይሰቀላል። በወጣች በገባች ቁጥር ታየዋለች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ምስማሩ ባዶ ነው።

"ኮቱስ?"

"ቤቱ ጠበበኝ።"

"ኮቱስ ነው የምልሽ አንቺ ሴትዮ!"

"ታች ከቆሻሻው አጠገብ፣ አጥሩ ላይ። እዚህ አገር አሮጌ ልብስ እዚያ ነው የሚሰቀል። የፈለገ ይወስደዋል።"

"አያ ሲመጣ ምን ልትዪው ነው? አጥር ላይ ሰቀልንልህ?"

ልጁን አቅፋ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ ወረድኩ። አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ፈረንጅ ኮቱን ለብሶታል፤ በቆመ መኪና መስኮት ራሱን ያያል፣ ዞር ይላል፣ ደግሞ ያያል። በዚያች በተሰበረች ዕብራይስጤ "የወንድሜ ነው!" አልኩት።

"ወንድምህ የት ነው?"

"በመንገድ ላይ ነው።"

ሽማግሌው ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ አወለቀውና ክንዴ ላይ አደረገልኝ። "ይሄን የሠራ ሰፊ ባለሙያ ነው" አለ። እናንተዬ፣ ለምን እንደሮጥኩ ጠፋኝ! "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የሠራሁት!" ብዬ መንገድ ዳር ቆሜ የክርኑን ስፌት ሳሳየው ቆየሁ።

ስመለስ ሚስቴ ታለቅሳለች። "ሁለተኛ አልነካብህም" አለችኝ።

"ለአንድ ኮት ይሄ ሁሉ ልቅሶ! ቆይ ላንቺም እሰፋልሻለሁ" አልኳት።

ይቺን ያልኩትን ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ምላሴን መንከስ ያምረኛል።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ፣ አንድ ማክሰኞ ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ ደረጃው እስከ ታች ነጭ በነጭ ሆኗል። እምዬ በልጇ ተደግፋ ሦስት ፎቅ ወጥታለች፣ በዚያ ጉልበቷ።

እኔ ሆዬ፣ "ምነው፣ አውቶቡሱ ተበላሽቶ ነው ሁላችሁም እኔ ዘንድ የወረዳችሁት?" አልኩ።

ማንም አልሳቀም። በዕድሜዬ ሙሉ ቀልጄ አንድም ሰው ጥርሱን ሳያሳየኝ የቀረው ያን ቀን ነው። ከፊት ያሉት ሽማግሌ አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ።

"ተቀመጥ ልጄ" አሉኝ።

"ቆሜ እሰማለሁ አባባ።"

"ተቀመጥ ግድ የለህም። ወንድምህን እግዚአብሔር ወስዶታል። እርምህን አውጣ።"

"መቼ?"

"ሱዳን ነው ያረፈው።"

"መቼ ነው የምልዎት አባባ?"

"ሁለት ዓመት አልፎታል ልጄ።"

እንባ የሚመጣ መስሏችኋል፤ አልመጣም። ጭንቅላቴ ሌላ ነገር ይቆጥራል። የግራውን ክርን ሁለተኛ የጣፍኩት አምና ነው፣ ገበሩን ያገባሁት ከዳስ በዓል ወዲህ፣ የመጨረሻውን ቁልፍ የተከልኩት ያለፈው ሳምንት። ለማን ነበር? ወደ ሚስቴ ዞርኩ።

"አንቺም ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እኔም" አለች እምዬ፣ ሳልጠይቃት። "ላንተ እስኪነገር ብዬ አፌን ይዤ ነው። አንድም ቀን ጮክ ብዬ አላለቀስኩለትም።"

ሴቶቹ እዬዬ አሉ። ከታች የምትኖረው ሞሮኳዊት ጎረቤታችን ጩኸቱን ሰምታ ወጣች፤ ነገሩን ስትረዳ ሮጣ የሰፈሩን ረቢ ጠርታ መጣች። ደግ ሰው ናቸው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ደረሱ። መቼ እንደሞተ ጠየቁ፤ የእምዬ ልጅ አስረዳቻቸው። ረቢው ትንሽ አሰቡና ከሠላሳ ቀን በላይ ለዘገየ መርዶ ሕጉ አንድ ሰዓት ነው አሉ። ጫማህን አውልቀህ አንድ ሰዓት መሬት ተቀመጥ፣ ከዚያ ይበቃሃል፤ ለወንድምም ሲሆን ልብስ መቅደድ የለብህም።

"ምን አሉ?" አለች እምዬ። ተነገራት።

"አንድ ሰዓት" አለች። "ሁለት ዓመት አፌን ይዤ፣ አንድ ሰዓት።" ከዚያ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ አሁን በሰው ፊት። "ይሁን። ልብሱን አምጡልኝ።"

በኛ ዘንድ ሬሳው ከሌለ የሟች ልብስ ይወጣል፤ ተዘርግቶ በሱ ላይ ይለቀሳል። ሰው ያለ አንዳች ነገር አየር ላይ እንዴት ያለቅሳል? ኮቱን ከምስማሩ አወረድኩ፣ መሬት በተነጠፈው ነጠላ ላይ ዘረጋሁት። ተተኩሷል። ቁልፎቹ ያበራሉ። ክርኑ፣ ኪሱ፣ ኮሌታው ከሱቅ ዛሬ የወጣ ነው የሚመስል። ሲያለቅሱ የነበሩት ሴቶች አዩትና ድምፃቸው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ዝም አሉ።

እምዬ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ገለበጠችው። እጅጌውን አነሳችና ጣለችው።

"ይሄ ያንተ ነው" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው እምዬ? የአያ ኮት ነው እንጂ!"

"ምኑ ነው የሱ? የመኪና ዘይት ይሸተኛል። ክርኑ ያንተ፣ ኪሱ ያንተ፣ ገበሩ ያንተ። ልጄን የት አደረግህብኝ?"

የምመልሰው ቀልድ ፈለግኩ፣ አጣሁ። ተነስቼ ምላጬን አመጣሁና ጫማዬን አውልቄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ኮቱን ጭኔ ላይ አድርጌ መተርተር ጀመርኩ።

የኔን ስፌት መተርተር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ለመቶ ዓመት ብዬ ነው የሰፋሁት፤ ሁለት ሁለቴ የተመለሰ፣ ጫፉ የተቋጠረ። ራሴን እየረገምኩ፣ እውነቱን ልናገርና ትንሽም እየኮራሁ፣ ክር በክር በጠስኩት። የቀኝ ክርን ላይ ያለው እራፊ ተነሳ፤ ከሥሩ ያ የበረሃው ቀዳዳ ዙሪያው እንደ ጺም ተንጨባሮ ወጣ። ገበሩ ወጣ። ኪሱ ወጣ። ሚስቴ ልጁን ለሌላ ሴት ሰጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና የተፈታውን ክር ከጨርቁ እየለቀመች በመዳፏ ትሰበስብ ጀመር። ምላጩ ብቻ ነው ጭ ጭ የሚል። ረቢው የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ እጅጌያቸውን ጎተት አድርገው ሸፈኑትና ባሉበት ቆዩ።

በመጨረሻ ኮሌታው ቀረ። ያለበስኩትን ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረተርኩና ገሸለጥኩት። ከሥሩ አሮጌው ኮሌታ ነበር፤ እጥፋቱ ነትቦ፣ አንገቱ ጋ ሲሠራ፣ ሲያርስ፣ ሲሸምን ያላበው ላብ ጥቁር አድርጎት። ሁለት ጊዜ ሳሙና ነክቶት አልለቀቀም ነበር፤ እሱን ጉድ ለመሸፈን ነው ያለበስኩት። አስቀያሚ ሆኖብኝ!

እምዬ ከእጄ ወሰደችው። ፊቷን እዚያ ላይ አደረገች። ከዚያ "ልጄ! ልጄ መጣልኝ!" ብላ የጮኸችው ጩኸት እስከ ታች ሱቆቹ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ሴቶቹ ተነሱ። ኮቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ አንዷ በእጅጌው፣ ሌላዋ በጫፉ ይዛ እያለቀሰች ታሳልፋለች፣ እየተሳሳበም ይቀደዳል። ሁለት ዓመት አንድ ክር እንዳትፈታበት የጠበቅኩት ሰውዬ ኮቱ ሲቀደድ እያየሁ "አያ! አያዬ!" እያልኩ ጮህኩ። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው። ሲመጣም አላቆምም አለ፤ በዚህም ቢሆን የሚስተካከለኝ አልነበረም።

ለቅሶው ሰባት ቀን ሆነ። ሲያልቅ እምዬ ኮቱን አጣጥፋ በከረጢት ያዘች።

"ጫፉን ብቻ ልዘምዝምልሽ" አልኳት። "ሌላ አልነካም፣ በእናትሽ። እንዲሁ ከተተወ ክሩ ይፈታል።"

"ይፈታ" አለችኝ።

ነሸር ወሰደችው። ክረምቱን ጉልበቷ ላይ ጣል አድርጋው ትውላለች፤ ከሲሚንቶ ፋብሪካው በኩል በመስኮት የሚገባው አቧራ ያርፍበታል፣ በእጇ ታራግፈዋለች። በየዓርቡ እሄዳለሁ። በሄድኩ ቁጥር የክርኑ ቀዳዳ ሰፍቶ ይቆየኛል። መጀመሪያ ጣት ያስገባ ነበር፣ ከዚያ ጡጫ፣ ከዚያ እጅጌው ለሁለት ሊለያይ ደረሰ። እጄን ምን ልበላችሁ፣ ያሳክከኛል። ሁልጊዜ ሸሚዜ ላይ መርፌ ሰክቼ ነበር የምሄደው፤ ዓርብ ዓርብ ቤት ትቼው መሄድ ጀመርኩ፣ ራሴን ስለማላምን። ቁጭ ብዬ ስለ ሩማንያዊቷ አለቃዬ እቀልድላታለሁ፣ ትስቃለች፤ ዓይኗን አትጠርግም። የሁለቱን ሳቅ ልዩነት ያወቅኩት ያኔ ነው።

እጅጌው ተገንጥሎ ሄደ። ቀጥሎ ጀርባው እንደ ወንፊት ሆነ፣ ብርሃን ያሳልፋል። አንድም ቀን አፌን አልከፈትኩም። እኔ!

በጋው ሲገባ አንድ ዓርብ ሄድኩ። እምዬ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷ ላይ የኮቱ ክር እንኳ የለም። ወንበሩን አየሁ፣ አልጋውን አየሁ፣ ከበሩ ኋላ አየሁ። ስፈልግ እሷ ታየኛለች።

"ሻይ ትጠጣለህ?" አለችኝ።

"እጠጣለሁ" አልኳት።